የአባትህ ሁለተኛው ቀብር

ካንግዬ፣ በነብር ዓመት፣ በዘጠነኛው ወር፣ በሃያኛው ቀን

ከወንዙ ማዶ በሩስያ አገር ላለኸው ለልጄ ለኦክስዌ፤

ጨው ነጋዴው ይህን ወረቀት ሲሰጥህ መጀመሪያ እህል ቅመስ፣ ከዚያ አንብበው። እኔ በሕይወት አለሁ። ማሽላውን ዘንድሮ ውርጭ ቀድሞት እንደ ነገሩ ነው። ጎመኑን ግን በጨው አሽቼ በእንስራ ቀብሬዋለሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልላክህልኝም። አልወቅስህም። በእናቴ አፍሬ ነው የወጣሁት ብለህ ለነጋዴው እንደነገርከው ሰምቻለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ያ ከሰል አክሳይ ስለሞተ ነው። ባለፈው ወር በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ኦክስዌ፣ ያ ሰው አባትህ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አባትህ ማንሶክ ነብር አዳኝ እንደነበረ ታውቃለህ። አንተ የአራት ዓመት ልጅ ሳለህ የፈረንጅ መርከቦች ወደ ካንግህዋ ደሴት መጡና መንግሥት አዳኞቹን ሁሉ ለጦርነት ጠራቸው። ምሽጉ በአንድ ቀን ወደቀ። ጥይት ሲያልቅባቸው ድንጋይ ወረወሩ፤ ድንጋዩ ሲያልቅ አፈር እየዘገኑ በፈረንጆቹ ዓይን በተኑ። ከእኛ አገር ከሄዱት አንድም አልተረፈም ተባለ። የመንደሩ ሹም፣ ሽማግሌው ፔክ፣ መርዶውን ይዘው መጡ። ሬሳ ስላልነበረን እጀ ጠባቡን ቀበርን። የጀግና ቤት ተባልን፤ ግብርም ቀረልን።

በዓመቱ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ወንዝ ዳር ልብስ ሳጥብ አንድ ፊቱ የተቃጠለ ሰው ከማዶ ቆሞ «የኦክስዌ እናት» አለኝ። በድምፁ ለየሁት። ቆስሎ ራሱን ስቶ ሳለ ነበር የተማረከው። ፈረንጆቹ ቁስሉን አጥበው ለመንግሥት ሊመልሱት ቢጠይቁ፣ ሹማምንቱ የተማረከ ሰው የእኛ አይደለም፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት አሉ። ባሕር ዳር ጥለውት ሄዱ።

ወደ ቤቱ ሊገባ ነበር። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን ደግመህ አንብበው፤ እኔ ነኝ። «ከገባህ ልጅህን የፈሪ ልጅ ይሉታል። ሞተ ብለው የተዉልንን ግብርም ይጠይቁናል» አልኩት። ከዚያ «እሺ፣ ሙት ልሁንልሽ» ብሎ ተራራውን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከሰል እያከሰለ ኖረ።

በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ስናከብር አንተ ስሙ ለተጻፈበት ሰሌዳ ትሰግድ ነበር። እኔ በማግሥቱ ከምግቡ ቋጥሬ እወስድለታለሁ። የራሱን ተዝካር የሚበላ ሰው እኔ ብቻ ነኝ እያለ ይቀልድ ነበር። ሳይጎርስ በፊት ግን ቁመትህ የት እንደደረሰ ይጠይቀኛል፤ እኔም በእጄ ደረቴ ላይ፣ ኋላም ከራሴ በላይ አሳየዋለሁ።

በኋላ ጎረምሶቹ «እናትህ ዘንድሮ ከሰል አብዝታለች» እያሉ ሲሳለቁብህ ውሽማዬ መስሎህ ዱላ ይዘህ ተራራው ላይ ወጣህበት። ያደረግከውን ታውቃለህ። ነብር በጦር የወጋ ሰው እጁን እንኳ አላነሣብህም። በማግሥቱ ስደርስ መሬት ላይ ተጋድሞ «ጥሩ ክንድ አለው» አለኝ። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎት ነበር። ልጠራህ ስመለስ አንተ ሄደሃል።

የተሰበረው ጎድኑ ገጥሞለት ነበር። ሳሉ የጀመረው በዚያው የበረዶ ወራት ነው፣ ግን ከሰል የሚያከስል ሁሉ ይስላል። ደም የቀላቀለውም ቆይቶ ነው። ጭሱ ነው ልጄ። ሌላ ነገር እንዳታስብ።

ሲሞት ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። በሰሌን ጠቅልዬ፣ በእንጨት መሸከሚያው ጀርባዬ ላይ አስሬ አወረድኩት። ከማገዶ ሸክም ይቀል ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሹሙ ፔክ ከፊቴ መጡ። እግሩ ከሰሌኑ ወጥቶ ይታያል።

«ማንሶክ ነው?» አሉኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው።

«ከመጣ በዓመቱ። ወጥመድ አጠማመዱን አላውቀውም? ብትፈልጊ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አካፋ አምጥተው መቃብሩን አብረውኝ ከፈቱ። እጀ ጠባቡ በስብሶ አፈር ሆኗል። እዚያው አስተኛነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የፈራሁት እኒህን ሰው ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቃቸው ኖሮ አባት ያለው ልጅ ሆነህ ታድግ ነበር። ይህ ሲመጣብኝ ማጭዴን እንደያዝኩ ማሳው መሃል ቆሜ እቀራለሁ።

አባትህ እንዳልነግርህ ለምኖኝ ነበር። «የመታው ሰው ማን እንደሆነ ባያውቅ ይሻለዋል» ነው ያለኝ። ቃሉን ያፈረስኩት አባትህ ሞቶ ሳታለቅስለት እንዳትቀር ብዬ ነው። መጥላት ካለብህም የምትጠላውን እወቅ።

ነጩን የሐዘን ልብስ በነጋዴው ልኬልሃለሁ። ትከሻውን የሰፋሁት ድሮ በማውቀው ልክ ነው፤ ከጠበበህ ሰው ያስፋልህ። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። የዚያ አገር ብርድ አይድፈርህ። የሚያበላህ መሬት፣ የምታምንህ ሚስት ይስጥህ። የምትወልደውም ልጅ በሰው ፊት አባባ ብሎ የሚጠራህ ይሁን።

እናትህ፣ የማንሶክ ሚስት