አረንጓዴው «ሀ»

ቱቅባ፣ ዓርብ፣ ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ባለፈው ዓርብ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አቶ ከማል ከለሮቼን ተማሪዎቼ ፊት ነጠቁኝ። «እዚህ ፊደል እንጂ ጨዋታ አናስተምርም። ሁለተኛ ከለር ባይ፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ትሰናበቻለሽ» አሉኝ። እኔን፣ በመምህርነት የተመረቅኩትን!

ዛሬ ሌላ ከለር ይዤ ገባሁ። ልጆቹ እዚህ አረብ አገር ተወልደው አረብኛ ስለለመዱ የፊደሉን ረድፍ ከቀኝ ጀምረው «ሆ፣ ህ፣ ሄ» ይላሉ። በግራ ጫፍ ያለውን «ሀ» አረንጓዴ አስቀባኋቸውና «ከአረንጓዴው ጀምሩ» አልኳቸው።

አቶ ከማል በሩን በርግደው ገቡ። ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ከተማሪዎቼ አንዷ የሆነችው ልጃቸው ሐናን፣ «ባባ፣ ስማኝ!» ብላ ከ«ሀ» ጀምራ ረድፉን ሁሉ አንበለበለችው።

ወጡና ተመልሰው የነጠቁኝን ከለር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ቀዩ ጎድሏል። የፊታችን ዓርብ እጠይቃቸዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ፊት።