የነሐሴው ዳቦ ቆሎ

ቀራንዮ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ ብርቅዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ይባላል። እኔ ግን ትናንት አርባሽን አውጥቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? በእኛ ቤት ለሞተ ሰው አይጸለይም። ደብዳቤ አይጻፍም ያለ ግን የለምና ልጻፍልሽ።

ጅማ ላይ ወባ ጣላት ሲሉኝ ወረቀት ገዝቼ ነበር። «ይቅር በይኝ» ብዬ ልጀምር፣ ወይስ መጀመሪያ ነገሩን ላውራ እያልኩ ሦስት ቀን ሳመነታ መርዶሽ መጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ ሰው ሦስት ቀን ዘገየሁ ብዬ ሳለቅስ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ስትስቂ አፍሽን በነጠላ መሸፈን አታውቂም።

የዚያን አዳር ነገር ነው የምጽፍልሽ። አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። እናትሽ እማማ ተሻለች ለፍልሰታ መድኃኔ ዓለም ቅጥር ውስጥ ሱባኤ ሊገቡ ነው፤ አባትሽ ለንግድ ቦንጋ ወርደዋል። አንቺን ከማን ጋር ይተዉሽ? ጥላቸውን ይዘው የእኛን በር አንኳኩ።

«ብዙነሽ፣ ልጄን ለሁለት ሌሊት አደራ። ለፍልሰታ ትቆርባለች፤ ጾሟን አደራ።»

«የእሷ ጾም የእኔም ጾም ነው» አለች እማዬ።

ይህ ለእማዬ ምን ማለት እንደነበር ያን ጊዜ አልገባሽም ይሆናል። ጴንጤ ከሆንን ወዲህ ከሰፈሩ ሰው ማንም በቤታችን ውኃ እንኳ አይጠጣም ነበር። እናትሽ ከሄዱ በኋላ እማዬ ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። ብረት ምጣዱን ሦስት ጊዜ በአመድ አሸችው፤ የቅቤ ሽታ እንዳይቀርበት። ኑግ ዘይት በጠርሙስ ገዝታ «ይህ የብርቅዬ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ብላ ለብቻው አስቀመጠችው።

እኔማ ሙሽራ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ፈንዲሻው፣ ሽምብራ ቆሎው፣ ሱፉ፣ ሁሉም እኛ ቤት እንዲኖር ፈለግሁ፤ ከሁሉም በላይ ዳቦ ቆሎ። ከእኛ የጸሎት ቤት ዘመነችም አብራን ልታድር ተፈቅዶላት ነበር። እማዬ ጦር ኃይሎች ለጸሎት ስትሄድ «ስመለስ እናቦካዋለን፣ ጠብቂኝ» አለችኝ። መጠበቅ የት አውቃለሁ? ዱቄቱን ነፋሁ፣ በርበሬና ስኳሩን ደባለቅሁ፣ ዘይቱን ላነሳ ስል ክርኔ ጠርሙሱን መታው። ደረጃው ላይ ተሰበረና ዘይቱ ከዝናቡ ጋር ወደ ቦዩ ወረደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ወንዙ ሞልቶ ወደ ሱቅ መሻገር አይቻልም። እማዬ ስትመጣ የምትለኝን እያሰብኩ ቆሜ የአንቺንና የዘመነችን ሳቅ ከበር ሰማሁ። ያኔ ከመደርደሪያው የቅቤውን ማሰሮ አወረድኩና አራት ማንኪያ አቅልጬ ዱቄቱ ላይ ገለበጥኩት። ስብርባሪውን ጠርጌ «ዘይቱ አልቋል» ልላት ወሰንኩ። እንግዶቼን ባዶ እጄን አልቀበልም፤ በቃ፣ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው።

አንቺ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ጎደሬ ይዘሽ ገባሽ። እጅሽን ታጠብሽ፣ እጅጌሽን ሰበሰብሽ፣ ከሊጡ ቆንጥረሽ በመዳፍሽ ማድቦልቦል ጀመርሽ። ጥቂት ቆይተሽ ቀና አልሽ።

«ሸዋዬ፣ በዘይት ነው አይደል?»

«በኑግ ነው» አልኩሽ። ይህ አልበቃኝም። «እማዬ ለአንቺ ብላ የገዛችው ነው።»

«እሺ» አልሽ።

በትምህርት ቤት መቀስሽ እኩል እኩል አድርገሽ ስትቆርጪ፣ ዘመነች ደግሞ እያንዳንዱን አውራ ጣቷን ያህል አድርጋ ትጥላለች። «ይሄ ዳቦ ቆሎ ነው ወይስ የአጥር ድንጋይ?» ብለሻት ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። በየመሀሉ እጅሽን ከሰሉ ላይ ትዘረጊያለሽ። ዘመዶችሽ ከጅማ በኩል ስለሆኑ «የቆላ ሰው! ብርድ አይችልም!» እያልኩ አበሸቅሁሽ። አንቺም ሳቅሽ። ማታ አንድ ፍራሽ ላይ ተጨናንቀን፣ ጣሳውን መሀላችን አድርገን በላን። ዘመነች በእፍኝ፣ አንቺ አንድ አንድ እያነሳሽ። «ጣፈጠሽ?» ስልሽ «በጣም» አልሽኝ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቆርበው ነጠላቸውን ተከናንበው ሲመለሱ አንቺ አልቆረብሽም። ከሰዓት በኋላ እናትሽ እጅሽን እየጎተቱ ግቢያችን ገቡ።

«ብዙነሽ፣ በአደራ ያስቀመጥኳት ልጄ ሌባ ሆና ተገኘች። ጾሜን ገድፌያለሁ አለችኝ። ቅቤሽን ሰርቃ ነው!»

እማዬ ደነገጠች። የማሰሮውን መጉደል አይታ ድመቲቱን ስትረግም ነበር የሰነበተችው።

አንቺ ጭቃው ላይ ተንበረከክሽ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ ብዙነሽ። ማንም ሳያየኝ በጣቴ ነው የበላሁት።»

እኔ መቃኑን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከዚያው ዳቦ ቆሎ ነበረኝ። አንዴ ቀና ብለሽ አየሽኝ። አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ብናገር «ጴንጤዎቹ የሰው ልጅ ጾም አስፈቱ» የሚለው ወሬ ሳይመሽ ከቀራንዮ አስኮ ይደርሳል፤ ያቺ ምጣድ በአመድ ያሸች እናቴ ዳግመኛ ቀና ብላ አትሄድም። አንቺም ይህን አስበሽ ነው ሌባ የሆንሽው። እኔም ለእናቴ ስል ዝም አልኩ ብዬ ለስድስት ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖርኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ፍርሃት ነበር፤ ከፍርሃቱም የባሰ፣ አንቺ ተንበርክከሽ ሳይሽ ተገላገልኩ ብያለሁ። ብርቅዬ፣ በልቤ «ተገላገልኩ» ብያለሁ።

«ተነሽ ልጄ፣ ቅቤ ምን አላት» ብላ እማዬ አነሳችሽ። እናትሽ ግን አልተዉትም። በሳምንቱ ጅማ ወደ አክስትሽ ላኩሽ። አውቶቡሱ ጦር ኃይሎች ሲያልፍ ፌርማታው ላይ ቆሜ ጠበቅሁሽ። በመስኮት አይተሽኝ እጅሽን አወዛወዝሽልኝ። ባታወዛውዢልኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የከትናንት በስቲያውን ልንገርሽ። ለአርባሽ ይዤ ልሄድ ዳቦ ቆሎ አቦካሁ፤ ፍልሰታ ስለሆነ በኑግ። እንደዚያ ቀን ይዘንባል፣ ይበርዳል። ሳድቦለብል እጄ ወዝቶ ቀረ እንጂ ምንም አልያዘውም። ዘይት በነሐሴ ብርድ አይረጋም። ቅቤ ግን ይረጋል። ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ። አንቺ በርዶሽ አልነበረም። ጣቶችሽ መሀል ነጭ ሆኖ የረጋውን ቅቤ እኔ እንዳላየው በከሰሉ ታቀልጪው ነበር። ስትጠይቂኝ አውቀሽ ነበር። እውነቱን እንድናገር መንገድ ሰጠሽኝ፣ ዋሸሁሽ፣ ውሸቴንም ከነቅቤው በላሽልኝ።

ትናንት ለቀስተኛው ሲበተን እናትሽ አጠገብ ቀረሁ። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ነው። ክስት ብለዋል።

«ክፉ ልጅ አልነበረችም» አሉኝ። «አንድ ጥፋት ነው ያጠፋችው። በማንኪያ ቅቤ ከቤቴ አወጣኋት፣ ሸዋገነት። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ላመጣት ነበር።»

«እማማ ተሻለች፣ አልሰረቀችም» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠርሙሱን፣ ማሰሮውን፣ የጠየቅሽኝን፣ የመለስኩልሽን፣ በከሰሉ ያቀለጥሽውን። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ጉንጬን አልሸሸግሁም።

«ታዲያ ካወቀች ለምን በላችው?» አሉኝ።

«እንዳላፍር ብላ ነው።»

ያመጣሁትን ጣሳ ከፍተው አንዲት ፍሬ አነሱ። አልበሏትም፤ በጣታቸው መሀል ያሽከረክሯታል።

«የዚያን ለታው ይጣፍጥ ነበር?»

«አዎ እማማ። በጣም።»

«ትስቅ ነበር?»

«ስትስቅ ነው ያመሸችው።»

«እሰይ» አሉ። «እሰይ ልጄ። እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ተደብቃ ጣቷን ስትልስ ነበር የምትታየኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ማታ ቤት ገብቼ ለእማዬ ተናገርኩ። እሷም ጋቢዋን ለብሳ ወጣች። እናትሽ ዘንድ ሄዳ እዚያው ፍራሽ ላይ አብራቸው አደረች። ዛሬም አልተመለሰችም።

በየነሐሴው ዳቦ ቆሎ በኑግ ሠርቼ ለእናትሽ እወስዳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ባደርገውም ያችን «በኑግ ነው» ያልኩሽን አንዲት ቃል አይመልስልኝም፤ አውቃለሁ። ቢያንስ አንቺ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። «በዘይት ነው አይደል?» ብለሽኝ ነበር።

አይደለም ብርቅዬ። በቅቤ ነው። አትብዪው።

ጓደኛሽ
ሸዋገነት