ሊብሬው ከእኔ ጋር ነው

ይስሃቅ፣

ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

መኪናዋን ሊያይ የሚመጣውን ደላላ በከንቱ አታድክመው። ሊብሬውን ይዤ በሚኒባስ ለሥራ ወደ ጮሌ ከተማ ሄጃለሁ፤ የምመለሰው ዓርብ ነው። ትራፊክ ከጠየቀህ ኮፒው መኪናዋ ውስጥ አለ።

«ይቺ ክሮስኦቨር ባለ ሺህ ሲሲ ናት፣ ጉልበት የላትም፤ ሸጠን ባለ ሁለት ሺህ እንግዛ» ስትል ከረምክ። ባለፈው ከአቦምሳ ስንመለስም ዳገቱ አቃታት ብለህ ጎረቤታችንን እትዬ አፀደን በዚያ ዕድሜያቸው አስወርደህ በእግራቸው አስወጣሃቸው። ምክንያቱን ግን እኔ አውቅ ነበር።

ከመሪው በስተግራ ቅጠል የተሳለባት ቁልፍ አለች። ነዳጅ ለመቆጠብ የሞተሩን ጉልበት የምትቀንሰው እሷ ናት። ያን ቀን በርታ ነበር።

ያበራኋት እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ።

ይቅርታ የምጠይቀው እትዬ አፀደን ነው፣ አንተን አይደለም። አንተማ ትጋልባለህ እንጂ ማደያ በር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተሰልፈህ አታውቅም።

አሁን አጥፍቼልሃለሁ። እስክመለስ እንዳሻህ ንዳት፤ ዳገቱን ትወጣለች።

ነዳጁ ሲያልቅ ማደያው የት እንደሆነ ጎረቤት ጠይቅ።

እህትህ ወለላ