የትንሿ ድራም ብሎኖች

ሐረር፣ አቦከር
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአባይነህ፤
ጅማ።

እንዴት ከርመሃል? ያ ጉሮሮህስ ተሻለህ? የጅማ ዝናብ አያባራም ሲሉ እሰማለሁና፣ ወፍራሙን ሹራብህን ሳትይዝ መሄድህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ቢያመኝም ፈረስ መጋላ ወጥቼ ከመመለስ አላገደኝም። ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ለሌላ ሰው አላስጻፍኩትም። በማታ ትምህርት የተማርኳት ፊደል ናትና ብትንጋደድብህ ታገሠኝ። ሌላ ሰው እንዲሰማው የማልፈልገው ነገር አለበት።

ደብዳቤህ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደረሰኝ። ስለ እኔ ሁለት መስመር፣ ስለ ድራምህ አንድ ገጽ ተኩል። አልተቀየምኩም፣ ድሮም እንዲሁ ነህ። አዲሱ ሆቴል ለገና ባንድ ሊያቆም ነው፣ የሚቀጥረውም የራሱ ድራም ያለውን ሰው ብቻ ነው ብለሃል። ደግሞም «የትንሿ ድራም ብሎኖች ከሐረር የወጣሁ ቀን የት እንደገቡ እስካሁን ይገርመኛል። እባክሽ ምትክ ፈልገሽ፣ አሟልተሽ ላኪልኝ» ብለሃል።

የት እንደገቡ ኋላ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ፍለጋዬን ስማ።

ዕቃህ አልተጎዳም። ትመታበት የነበረው ሆቴል ባለቤት፣ ግሪኩ፣ ዘግቶ ሲሄድ ስትገዛው እንኳ አሮጌ ነበር፤ አንተ ከሄድክ ደግሞ ሦስት ዓመት ጨመረ፣ እንደ እኔው። ትልቁ ላይ ብርድ ልብሶቹን ደርቤበት ነበር። የድራሙን የናስ ሳህን ግን፣ አትቆጣ፣ የዱቄት ጋን ከድኜበት ከርሟል። አሁን አጥቤ ወልውዬዋለሁ፣ ፊት ያሳያል። ትንሿ፣ ያቺ ከሥሯ የሽቦ ክር ያላት፣ ቆዳዋን ከሚወጥሩት ስምንት ብሎኖች አንድ ብቻ ቀርቷት ነበር። እሱም የጎበጠው ነው።

እሷኑ ታቅፌ ብስክሌት ጠጋኙ ቡሽራ ዘንድ ሄድኩ። ዘይት ጠብ አድርጎ በፒንሳ ነቀለውና ከዓይኑ ሥር አገላብጦ አየው።

«እትዬ ሰገነት፣ ይሄ ምን የሚሉት ብሎን ነው? ሰውነቱ መርፌ፣ ራሱ ሳጥን! የመኪናም አይደል፣ የብስክሌትም አይደል። ጋሼ አባይነህ ብስክሌት ቢነዱ ኖሮ ዛሬውኑ እጨርስልሽ ነበር።»

«ብስክሌት ቢነዳማ ኖሮ እስካሁን ይደርስ ነበር» አልኩት።

ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ አፈረና አቀረቀረ። ድሮ የተበጠሰውን የትልቁን ድራም ፔዳል ሞላ ግን ከአሮጌ ኮርቻ አውጥቶ ተካልኝ። ትንሽ ይጠነክርብህ ይሆናል፣ እግርህ ይለምደዋል። ለብሎኑ ብር ሠሪው አው ዐብዱልቃዲር ዘንድ ሂጂ አለኝ። የጆሮ ጌጥ ጥርስ የሚያወጣ ሰው የዚህንም አያቅተውም ብሎ።

አው ዐብዱልቃዲርን ታስታውሳቸዋለህ፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ባለችው መንገድ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡት፣ ትንሽ ትልቁ «አው» እያለ የሚያከብራቸው። ብሎኑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩና «አው፣ ልክ እንደዚህ አድርገው ሰባት ይሥሩልኝ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ፣ በጁምዓ ማግስት ነይ» አሉኝ።

ሄድኩ። በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስፈታው ሰባቱም አብረቅራቂ፣ ጥርሳቸው የተስተካከለ፣ ራሳቸው አራት ማዕዘን። ሰባቱም ጎባጣ!

«አው! ምነው አጎበጧቸው?»

«እንዴት ምነው? ያመጣሽው ጎባጣ፣ የሠራሁልሽም ጎባጣ።»

«እሱማ ተበላሽቶ ነው እንጂ!»

«ልጄ፣ ሙሽራ ከጥንድ ጌጧ አንዱ ሲጠፋባት ቀሪውን አምጥታ ልክ እንደዚህ ትለኛለች። ጭረት ቢኖረው ጭረቱን አወጣለታለሁ። ካላወጣሁማ ጥንድ ነው ይባላል? አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሠራ። ላንቺ ለማጉበጡ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ወላሂ!»

እዚያው ደረጃቸው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊዞርብኝ ሲል ተነሣሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው «የማን ዕቃ ነው?» አሉኝ። «የባለቤቴ» አልኳቸው። ስምንት ቀጥ ያሉ አድርገው እንደገና ሠሩልኝ። ጎባጦቹንም ይዘሽ ሂጂ አሉኝ። መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ እነሱ እኔ ዘንድ ይቅሩ፣ ለማንም አይረቡም።

አሁን ያንን ልንገርህ። ብሎኖቹን አይጥ አልወሰዳቸውም፣ የፈታኋቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት አንተ የጭነት መኪናውን ልትጠይቅ ስትወጣ፣ በራስህ ቁልፍ ሰባቱን ፈታሁ። ስምንተኛው ጎባጣ ስለሆነ አልወጣ አለኝ። በሻሼ ቋጠርኳቸውና ከኤረር በር ውጭ ካለው ቦይ ወረወርኳቸው። ድራሙ ካልተሟላ አይሄድም ብዬ ነው። ከዚያ አንተ አልጋ ሥር ተንበርክከህ ስትፈልግ እኔም አጠገብህ ተንበርክኬ ስፈልግ ነበር። አታስታውስም? «አይጥ ይሆናል» ያልኩህም እኔ ነኝ። አንተ ግን ልብስህን አራገፍክ፣ ድራሙን በሙሉ ተውከው፣ ለስድስት ወር ነው ብለህ ወጣህ። እኔ አንተን ላስቀር አስቤ ያስቀረሁት ብሎኖችህን ብቻ ሆነ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ቦዩ ድረስ ሄጄ በእንጨት ቆፍሬያለሁ። ጅብ እንኳ ብረት አይበላም ብዬ። የለም።

ስለዚህ ዘንድሮ አንዲት ነገር አላስቀረሁም። ስምንቱም ብሎኖች ገብተዋል፣ ቁልፉም፣ ዱላዎቹም፣ ሹራብህም። ሣጥኑ ማክሰኞ ድሬዳዋ ወርዶ በባቡር አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ የጅማ አውቶቡስ ላይ የሚጭንልህ ሰው አንተው ፈልግ።

ከመታሸጉ በፊት ትንሿን እኔው ወጠርኳት። ድሮ እኔ እይዝልህ፣ አንተ ታጠብቅ ነበር፣ «አንዱን ካጠበቁ ማዶውን፣ እንደገና ማዶውን» ትለኝ ነበር። ለብቻ ሲሠሩት ማዶው ሩቅ ነው። ጉልበቴ መሀል አጣብቄ እያዞርኩ አጠበቅኋት። ከዚያ መላኬስ ካልቀረ ድምፅዋን ልስማ ብዬ በዱላው አንዴ መታኋት። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ አባይነህ። ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን መስቱራ ድስቷን ጥላ ስትሮጥ ሰማኋት።

«ሰገነት! አንቺ ሰገነት! አባይነህ መጣ እንዴ?»

«ገና ነው» አልኳት።

እመ ብርሃን እጅህንም ጉሮሮህንም ትጠብቅልህ፤ ለገና የምትመታው ሁሉ ለሰሚው ደስታ ይሁን። ሣጥኑ ሲደርስህ አንዲት መስመር ጻፍልኝ፣ ስለ ድራሙም ብትሆን ግድ የለም።

ሰገነት ተክለጻድቅ