የግራው ትከሻ

ጥቅምት 8
ዛሬም ሁለት የሙሽራ ቀሚስ። እኔ ቆረጥኩ፣ ሱቄ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ጥድፊያ ሰፋች። ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ የስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጥ ሰው የሚያባርራት ነው የምትመስለው። "ቀስ በይ፣ ሙሽራዋ አታመልጥም" ስላት ሳቀች።

የምቆርጥበት የወረቀት ልክ አርጅቷል። በእናቴ ቁመና የወጣ ነው… ግራ ትከሻዋ ወረድ ያለ ነበር። ጨርቁን በስፒል ስይዝ ግራውን ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። አዲስ ማውጣት እችላለሁ። ግን እናቴ የለችም፣ አልጨክንም።

ጥቅምት 15
ከገበያው ጀርባ አዲስ ሱቅ ተከፍቷል። መስኮቱ ላይ ነጭ ቀሚስ። ቆምኩ። ግራ ትከሻው ወርዷል… እንዲህ የሚወርድ አንድ ትከሻ ብቻ ነው የማውቀው።

የማን ነው ሱቁ? ጎረቤቱን ጫማ ሻጭ ጠየቅኩት። "የአንዲት ቀልጣፋ ልጅ ነው። ከሥራ ስትወጣ ነው የምትመጣው፤ ለጊዜው ሌላ ቦታ ትሰፋለች።"

ሌላ ቦታ! እኔ ነኝ ሌላ ቦታ። ጥድፊያ ናት፤ የወረቀት ልኬን ገልብጣዋለች።

ጥቅምት 16
ምንም አላልኳት። ራሷ ትነግረኛለች። ትነግረኛለች አይደል?

ጥቅምት 27
አልነገረችኝም። ጉንፋንም ይዞኝ አልለቀቀኝም። አፌ ቆሳስሏል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

"እህት ዓለም፣ ምነው ከሳሽ?" አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ዓይን ዓይኔን እያየች! እንዴት አስቻላት?

ኅዳር 4
ጎኔ በእሳት የተለበለበ ያህል ነው። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ በአንድ በኩል ብቻ። ሐኪሟ ገና ስታየው "አልማዝ ባለጭራ" አለች።

"ልጅ ሆነሽ ጉድፍ ይዞሽ ያውቃል?"
አዎ።
"እሱ ነው። ያኔ አልወጣም፤ ነርቭሽ ውስጥ ተደብቆ ነው የኖረው። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳል። ጭንቀትም አንዱ አዳካሚ ነው። ሰሞኑን ያስጨነቀሽ ነገር አለ?"

የለም ልል ነበር። እንባዬ ቀደመኝ።

ክኒን አዘዘችልኝ፣ በደንብ ተኚም አለች። በምን አባቱ ይተኛል! ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ኖሮ… እሱም እንደ እሷ። ሁለቱም ከኔ ጋር ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩት።

ኅዳር 7
ልትጠይቀኝ መጣች። ሾርባ ይዛ። ትራሴን አስተካከለች። "እህቴን ምን አገኘብኝ?" ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደግሞ የእውነት እንባ ነው፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

"ትከሻው ወርዷል" አልኳት።
"የቱ ትከሻ?"
"መስኮትሽ ላይ ያለው።"
ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። "ልነግርሽ ነበር እኮ…"
"መቼ?"
ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ መለሰችው።
"የእናቴ ትከሻ ነው። ብትጠይቂኝ በገዛ እጄ እቆርጥልሽ ነበር።"

የሱቄን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሾርባውን አልቀመስኩትም።

ኅዳር 26
ቁስሉ ደርቋል። ልብስ ሲነካው ግን አሁንም ያቃጥላል። ብቻዬን ቆረጥኩ፣ ብቻዬን ሰፋሁ። ቀስ ብዬ።

ከሰዓት ስልክ። ጥድፊያ ናት። ድምጿ ሰልሏል። "ደንበኞች ቀሚሱን እየመለሱብኝ ነው… ያንን ትከሻ እንዴት ነበር የምታስተካክይው?"

ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ቆሜ በስፒል ስይዘው አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየችም?

"አላውቅም" አልኳት።

ኅዳር 27
ጭልጥ ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ እንኳ አልሰማሁም።