ከእሷ ጎን የሚቆመው

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። የካ አባዶ።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሐውልቷን ከጽድ ግንድ በመሮ ስቀርጽ ቆይቻለሁ። ዛሬ ፊቷን ቀርጬ ጨረስኩ።

በእኛ በኮንሶዎች ወግ ሴት ብቻዋን አትቀረጽም። ዋካዋ፣ የእንጨት ሐውልቷ፣ የሚቆመው ከሟች ባሏ ዋካ ጎን ነው። አጎቴ በስልክ ተቆጡኝ፤ "አንተ በሕይወት እያለህ ከማን ጎን ልታቆማት ነው?" አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ልጄ ከሥራ ገባች። የእናቷን የእንጨት ጉንጭ ዳሰሰች። ከዚያ የተረፈውን የጽድ ግንድ አየችና፣ "አባዬ፣ ይሄ በረንዳውን ይዞታል። ላውጣው?" አለችኝ።

"ተይው፣ የእኔ ዋካ ይሆናል። ስሞት አንቺ ትቀርጪዋለሽ።"

እራት በላን። ሳህኖቹን አጥባ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"መሮው በየትኛው እጅ ነው የሚያዘው?" አለችኝ።