በጤና ብሎጋችን ላይ የለጠፍሽው ዱቄት

ሔራን፣

አምቡላንሱ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ጋቢዬን ልወስድ ነው ብቅ ያልኩት። ቁልፉ እትዬ አስካለ ጋ አለልሽ። ውሃ ስለመጣ በርሜሉን ሞልቼዋለሁ።

የብሎጋችንን ፓስወርድ ቀይሬዋለሁ። አትድከሚ፣ አይከፍትልሽም።

ጠዋት ከዋጃ አንዲት የስኳር ታማሚ እናት በባጃጅ ተጭነው ጤና ጣቢያችን መጡ። ራሳቸውን አያውቁም፣ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።
"መርፌያቸውን ለምን አቋረጡ?" አልኳት ልጃቸውን።
ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። "እናንተው አይደላችሁ እንዴ የጻፋችሁት?"

የኛው ገጽ ነው። ከላይ "ነርስ ብሩክታዊት" ብሎ እኔ ስለ ስኳር የጻፍኩት፣ ከሥሩ አንቺ የለጠፍሽው ማስታወቂያ፤ ስኳርን ከነሥሩ የሚነቅል የቅጠል ዱቄት! "አንቺ ጻፊ፣ ገጹን ማሳመሩን ለኔ ተዪው" ያልሽኝ ለዚህ ነው? አብሬሽ ከአንድ ትሪ መብላቴ ራሱ ጸጸተኝ፣ ሔራን።

ቅድም በስልክ ስሰድብሽ ተማሪዎችሽ ሰምተው ከሆነ፣ ለሱ ይቅርታ። ለስድቡ ግን አይደለም።

ሴትዮዋን አሁን ወደ ወልድያ ይዘናቸው እየሄድን ነው። ይተርፉ እንደሆነ አላውቅም።

ማስታወቂያውን አጥፍቼዋለሁ። ሳጠፋው ከሥሩ ያለውን ኮመንት አየሁት። ልጅቷ "እናቴ መርፌውን ትታ ዱቄቱን ብቻ ብትወስድ ችግር አለው?" ብላ ጠይቃ ነበር።
አንቺ በኔ ስም ገብተሽ "ምንም ችግር የለውም እህቴ" ብለሽ መልሰሽላታል።